ከምግብ በኋላ የሚወርድ የደም ስኳር፦ የስኳር በሽታ ለሌለባቸው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ሲሆኑ የስኳር በሽታ የለባቸውም። ምግብ ከበሉ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ልባቸው በኃይል ይመታል፣ ሆዳቸው ባር ባር ይላል። ከረሜላ ወይም ጭማቂ ሲወስዱ ይለቃቸዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ተመልሶ ይመጣል። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳራቸው 92፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኖ «ምንም የለብሽም» ተብለዋል። በቤት መለኪያ አንድ ቀን 64 አይተዋል። «ስኳሬ እየወረደ ነው? ከሆነስ ምን ላድርግ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂ፣

የሚሰማዎት ነገር እውነተኛ ነው፤ ከዚያ ልጀምር። «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ሁለቱ ምርመራዎች ያሳዩትን በትክክል ይናገራል፤ እርስዎ የጠየቁትን ግን አይመልስም። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳርም ሆነ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተሠሩት ከፍ ያለ ስኳርን ለመፈለግ ነው። ከምሳ በኋላ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ወርዶ ተመልሶ የሚስተካከል ስኳር በሁለቱም ላይ አሻራ አይተውም። ስለዚህ ውጤቶቹ የነገሩን የስኳር በሽታ እንደሌለብዎት ነው፤ ስኳርዎ ከምግብ በኋላ ይወርድ አይወርድ እንደሆነ ገና አልተመረመረም። በዚህ ምላሽ ውስጥ የምጠቅሳቸው የስኳር መጠኖች በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው፤ መለኪያዎ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ ቁጥሩን በ18 ያባዙት።

በመጀመሪያ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳ፤ የምመክርዎት ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነውና። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በማንኛውም ቅጽበት የሚዘዋወረው ግሉኮስ ሁሉ ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ብቻውን ከዚህ አምስት ወይም ስድስት እጥፍ የሚሆን ስኳር ይዞ ይገባል፤ ፈሳሽ በመሆኑም ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ለመውረድ ጊዜ አይወስድበትም። ቆሽት ይህን ጎርፍ የሚቀበለው በሁለት ዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ሆርሞን) ስኳሩ መውጣት ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል፤ ሁለተኛው ዙር ቀስ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ዙር ደከም ያለባቸው ሰዎች አሉ። በእነርሱ ላይ ስኳሩ ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ ሁለተኛው ዙር ያንን ለማካካስ በብዛት ይለቀቃል፤ ምግቡ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላም የኢንሱሊኑ ሥራ ገና ስለማያበቃ ስኳሩ ወደ ታች ይጎተታል። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚታየው ነገር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ጨጓራቸው ምግብን በፍጥነት የሚለቅባቸው ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል፤ ምግቡ በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ሲፈስስ አንጀት ራሱ ቆሽትን «ኢንሱሊን ጨምር» የሚሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫልና።

ሰውነት ይህን ዝም ብሎ አያይም። ስኳር ወደ 80 አካባቢ ሲደርስ ቆሽት ኢንሱሊን መልቀቁን ይቀንሳል። ከ65 እስከ 70 ባለው ደረጃ ስኳርን መልሰው የሚያወጡት ግሉካጎንና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ ጉበትም ያከማቸውን ግሉኮስ ወደ ደም ይለቃል። በጤነኛ ሰው ላይ ምልክቶች በግልጽ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ወደ 55 ሲጠጋ ነው፤ ከ50 በታች ሲሆን ደግሞ አንጎል የሚያስፈልገውን ነዳጅ ማጣት ይጀምራል። እርስዎ የዘረዘሯቸው መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና የረኃብ ስሜት በአመዛኙ አድሬናሊንና አብሮት የሚቀሰቀሰው የነርቭ ሥርዓት የሚያመጧቸው ናቸው። ይህ የምሥራችም ነው፣ ጥንቃቄም የሚሻ ነው። የምሥራች የሚሆነው የማስጠንቀቂያ ደወሉ እየሠራ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ደግሞ አድሬናሊንን የሚያስነሣው የስኳር መውረድ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ጭንቀት፣ ብዙ ቡና፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ከምግብ በኋላ የደም ግፊት መውረድ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ይህ ግራ መጋባት አዲስ አይደለም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ተገኝቶ ለሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሲል ሃሪስ (Seale Harris) የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ኢንሱሊን የበዛባቸው ሕሙማን የሚያሳዩትን ምልክት ኢንሱሊን ወስደው በማያውቁ ሰዎች ላይ እንዳዩ ጻፉ። ትክክለኛ አስተውሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስያሜው እየሰፋ ሄዶ ድካምም፣ ራስ ምታትም፣ ጭንቀትም ሁሉ ሳይለካ «ስኳር ወርዶ ነው» የሚባልበት ዘመን መጣ። ከዚህ ያወጣን የቀዶ ሐኪሙ አለን ዊፕል መለኪያ ነው። ዊፕል በ1930ዎቹ ዓመታት ኢንሱሊን የሚያመነጭ እባጭ በቆሽታቸው ላይ አለ ተብለው ለቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡት ውስጥ እውነተኞቹን ለመለየት ሦስት ነገሮች አንድ ላይ እንዲገኙ ይጠይቁ ነበር፦ ምልክቱ መኖሩ፣ ምልክቱ ባለበት ሰዓት የተለካው የደም ስኳር ዝቅ ማለቱ፣ ስኳሩ ሲመለስ ምልክቱ መጥፋቱ። የአሜሪካው የኢንዶክሪን (የሆርሞን ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያም የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ወደ ጥልቅ ምርመራ እንዲገባ የሚመከረው እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ ነው፤ ዝቅ ማለት የሚባለውም ከ55 በታች መሆን ነው። እርስዎ አንደኛው አለዎት። ሦስተኛውም ያለ ይመስላል፤ ሆኖም ጣፋጭ ነገር ወስዶ መረጋጋት በሌላ ምክንያት በመጣ መንቀጥቀጥም ላይ ስለሚያጋጥም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የጎደለው ሁለተኛው ነው።

«64 አይቻለሁ እኮ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለ ቤት መለኪያ ማወቅ ያለብዎት ነገር ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ ከ100 በታች በሆኑ መጠኖች ላይ መሣሪያው ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 15 ድረስ እንዲስት ይፈቅድለታል። ስለዚህ በጥሩ መሣሪያ የታየ 64 በእውነቱ 50 ገደማም፣ 79ም ሊሆን ይችላል። አንዱ ምርመራ የሚሻ ነው፤ ሌላው ፍጹም ጤነኛ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዤ ስኳርዎ ይወርዳል ወይም አይወርድም ብል የሐኪም ሥራ አልሠራሁም።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የምጠይቅዎት ትልቁ ነገር፣ ምልክቱ ሲመጣ ከረሜላውን ከመፍታትዎ በፊት እንዲለኩ ነው። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚዘገዩት። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ፍራፍሬ ወይም ማር የነካ ጣት ከእውነተኛው በላይ የሆነ ቁጥር ይሰጣል፣ ያልደረቀ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥናል። የጣትዎን ጫፍ ጎንና ጎን እንጂ መሐሉን አይውጉት፤ ሕመሙ ይቀንሳል። የመለኪያ ወረቀቶቹ ጊዜያቸው ያላለፈ፣ ዕቃቸውም ተከፍቶ ያልሰነበተ መሆኑን ያረጋግጡ። ዝቅ ያለ ቁጥር ካዩ ወዲያውኑ በሌላ ጣት ይድገሙት። ከዚያም ይጻፉ፤ ምግቡን የጀመሩበትን ሰዓት፣ ምን እንደበሉና ምን እንደጠጡ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ቁጥሩን፣ ከወሰዱት ነገር በኋላ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ የታየውን ሁለተኛ ቁጥር። ሰዓቱን የሚቆጥሩት ከመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ምልክት በሌለበት ቀንም በሁለተኛው ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ ያለ ማነጻጸሪያ የተያዘ ቁጥር ብዙ አይናገርምና።

ለምን ይህን ያህል እንደምወተውት በሁለት ደብተሮች ላሳይዎት። በተቀራራቢ ጊዜ የተቀበልኳቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውን ቃል በቃል ብታስቀምጡት አንዱን ከሌላው አትለዩትም። የመጀመሪያው ሰው ደብተር በጠባብ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ መንቀጥቀጥ መጥቶበት ዘጠኙንም ለክቷል፤ ዝቅተኛው 79 ሲሆን የቀሩት ከ84 እስከ 101 ነበሩ። በኅዳጉ ላይ ግን ራሱ ልብ ሳይለው የጻፈው ነገር ነበር፦ «ቡና፣ ሁለተኛ»፤ «ቡና፣ ሦስተኛ»፤ ዘጠኙም ላይ። ሌላኛዋ ደግሞ የጻፉት አምስት መስመር ብቻ ነው። 51፣ 48፣ 72፣ 53፣ 50። 72 የታየበት ቀን እንቁላልና ሰላጣ የበሉበት ሲሆን በቀሩት አራቱ ቀናት ነጭ ሩዝና ጭማቂ ነበር፤ ሰዓቱም ሁልጊዜ ከሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብዙ አይርቅም። ለመጀመሪያው ሰው የስኳር ምርመራ ማዘዝ ጊዜውን ማባከን ነበር። ለሁለተኛዋ አለማዘዝ ደግሞ በደል በሆነ ነበር። ሁለቱን የለያቸው የምልክታቸው ክብደት ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ሰው «የስኳር መጠጥ ጠጥተሽ ይለካልሽ» ቢልዎ አይቀበሉ። 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ በመጠጣት የሚደረገው ምርመራ የስኳር በሽታን ለመለየት ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን አሳሳች ነው። ማንም ሰው በባዶ ሆዱ ያን ያህል ንጹሕ ግሉኮስ በአንድ ትንፋሽ አይጠጣም፤ ከጤነኛ ሰዎችም ከአሥሩ አንዱ ያህል በዚህ ምርመራ ወቅት ምንም በሽታ ሳይኖርበት ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ትክክለኛው ምርመራ ምልክቱን የሚያመጣብዎትን ዓይነት የተደባለቀ ምግብ በምርመራ ክፍል ውስጥ በልተው፣ ደም በየሠላሳ ደቂቃው እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እየተወሰደ የሚደረገው ነው። ስኳሩ ሲወርድ በዚያው ናሙና ኢንሱሊን፣ ሲፔፕታይድና ፕሮኢንሱሊን ይለካሉ፤ እነዚህ ኢንሱሊኑ ከራስዎ ቆሽት የመጣ መሆን አለመሆኑን ይናገራሉ። ናሙናው ግራጫ ክዳን ባለው፣ ፍሎራይድ በተጨመረበት ብልቃጥ መወሰድና ቶሎ መሠራት አለበት። በተራ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ ደም ላይ የደም ሕዋሳቱ ግሉኮሱን መጠቀማቸውን ስለሚቀጥሉ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሰዓታት የቆየ ናሙና ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያስመስለዋል። ክንድ ላይ የሚለጠፉት ተከታታይ መለኪያዎች የቀኑን አካሄድ ለማየት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሚለኩት ከሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደም ስኳር በደቂቃዎች ይዘገያሉ፣ በተኙበት ጎን ሲጫኑም የሐሰት ዝቅታ ያሳያሉ። ጤነኛ ሰዎችም በቀን ውስጥ ለደቂቃዎች ከ70 በታች ይገኛሉ። በእነርሱ ብቻ ተመርኩዘው አይደናገጡ።

አሁን ወደ አመጋገቡ ልምጣ። ይህን የምርመራ ውጤት ሳይጠብቁ መጀመር ይችላሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ በለመዱት አመጋገብ ቢያንስ አራት አምስት መስመር ይመዝግቡ፤ አለዚያ የምንፈልገው ማስረጃ ሳይያዝ ያመልጠናል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ወደ ላይ የሚወጣውን ጫፍ ዝቅ ማድረግ። ስኳሩ በኃይል ካልወጣ በኃይል የሚያወርደው ነገር አይኖርም። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ «ስኳሬ ስለሚወርድ ስኳር ልጨምር» ይላል፤ አዙሪቱንም የሚያቆየው ይኸው ነው። እርስዎ ከረሜላው ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምልክቱ እንደሚመለስ ጽፈዋል። ከረሜላው ሌላ ጫፍ ፈጠረ፣ ጫፉ ሌላ ኢንሱሊን ጠራ፣ ኢንሱሊኑ ሌላ ቁልቁለት አመጣ።

ከሁሉ በፊት ፈሳሽ ስኳርን ያቁሙ፦ ጭማቂ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ቡና፣ ማር በውሃ። በቤት የተጨመቀ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ፍራፍሬን ከነሥጋው መብላት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብርቱካኑን መብላትና ብርቱካኑን መጠጣት ለቆሽትዎ አንድ አይደሉም። ከብዙ ሰዎች ጋር እንዳየሁት ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ከቀረው ምክር ሁሉ የሚበልጥ ውጤት የሚያመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ በአንድ ገበታ ላይ የሚወስዱትን የስታርች (እንደ ዳቦና ሩዝ ባሉ ምግቦች ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት) መጠን ይመጥኑ። በአንድ ምግብ ከ30 እስከ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ቁራጭ የሳንድዊች ዳቦ ወይም የአንድ ኩባያ ሲሶ የሆነ የበሰለ ሩዝ ወደ 15 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ከዚህ ተነሥተው ማስላት አያቅትዎትም። ስታርቹ ብቻውን አይግባ፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ያልጣፈጠ እርጎ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ከእነርሱም ጋር አትክልትና ጥቂት ዘይት ወይም ለውዝ ይኑር። ፕሮቲን፣ ቅባትና ፋይበር ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅ ያደርጋሉ። የአበላል ቅደም ተከተልም ቁም ነገር አለው፦ አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድመው፣ ዳቦውን ወይም ሩዙን በመጨረሻ ቢበሉት ያው ምግብ ዝቅ ያለ ጫፍ ይሰጣል። ዋጋ የማያስከፍል፣ ምንም ምግብ የማያስከለክል ለውጥ በመሆኑ ሁልጊዜ የምጀምረው በእርሱ ነው። በምግቦች መካከል ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ አያሳልፉ፤ ምልክቱ በሦስተኛው ሰዓት የሚመጣ ከሆነ በሁለተኛው ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ ለውዝ ወይም አንድ የተቀቀለ እንቁላል መያዝ ቁልቁለቱን ያለሰልሰዋል።

ካርቦሃይድሬትን ፈጽሞ ማጥፋት ግን አልመክርም። ለሳምንታት እጅግ ጥቂት ካርቦሃይድሬት የበላ ሰው ቆሽቱ ለስታርች የሚሰጠው ፈጣን ምላሽ ለጊዜው ይዳከማል፤ ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ ሲበላ ስኳሩ ከበፊቱ በላይ ይወጣል፤ «ይኸው፣ ዳቦ አይስማማኝም» ብሎም ይደመድማል። በባዶ ሆድ አልኮል አይጠጡ፣ በተለይም ከጣፋጭ መጠጥ ጋር የተደባለቀውን፤ ጣፋጩ ኢንሱሊንን ሲጠራ አልኮሉ ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ቡናን በተመለከተ ካፌይን አድሬናሊንን ስለሚያነሣ የስኳር መውረድን ምልክት ያጎላዋል፣ ያለ ስኳር መውረድም ያስመስለዋል፤ ለሁለት ሳምንት ቢቀንሱትና ደብተርዎ ምን እንደሚል ቢያዩ መልካም ነው። ከምግብ በኋላ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድም ጫፉን ዝቅ ያደርጋል፤ ከባድ ስፖርትን ግን ምልክቱ በሚመጣበት ሰዓት ላይ አያድርጉት።

ምልክቱ ሲመጣስ? ለኩ፤ ቁጥሩ ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ። ከዚህ አይብለጥ። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ እንደገና ለክተው ከተስተካከለ ፕሮቲን ያለበት መክሰስ ያስከትሉ፤ ይህን የዘለለ ሰው ነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ የሚንቀጠቀጠው። ቁጥሩ ከ70 በላይ ከሆነ ግን ስኳር አይውሰዱ። ቁጭ ብለው ውሃ ይጠጡ፣ ከራበዎት እንቁላል ወይም ለውዝ ይብሉ፣ ይጠብቁ። ያልፋል። ያ የመጠበቅ ጊዜ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰውነት «አሁኑኑ ብላ» እያለ ይጮኻልና። መለኪያ በእጅዎ ከሌለና ምልክቱ ከበረታ ግን ያለ ቁጥር መውሰድ ይፈቀዳል፤ መኪና እየነዱ ከሆነ መጀመሪያ ያቁሙ።

አመጋገብ የማይበቃቸውን ሁኔታዎች ደግሞ ልለይልዎት፤ ይህ ክፍል የሚመለከተው ሰው ካለ ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆርሞን ሐኪም መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ክብደት ለመቀነስ ወይም በሌላ ምክንያት በጨጓራ ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው። ጨጓራን ዘልሎ ምግቡን በቀጥታ ወደ አንጀት የሚያሻግረው ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ከአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከምግብ በኋላ ከባድ የስኳር መውረድ ሊጀምር ይችላል፤ ምግቡ በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሚመጣው የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና መዝለፍለፍ ጋር ሳይቀላቀል መታየት አለበት፤ ያኛው የስኳር መውረድ አይደለም። ሁለተኛው ምልክቱ ምግብ ሳይበላ፣ ሌሊት ወይም ማለዳ ከቁርስ በፊት የሚመጣ ከሆነ ነው። በቆሽት ላይ የሚበቅል ኢንሱሊን የሚያመነጭ እባጭ እጅግ ብርቅ ነው፤ በአብዛኛው ራሱን የሚያሳየው በባዶ ሆድ ነው፤ በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ከምግብ በኋላ ብቻ ሊታይ ስለሚችል ከ55 በታች የሆነ እውነተኛ ቁጥር ሲገኝ ሁልጊዜ ይታሰባል። ሦስተኛው ምልክቱ ከመንቀጥቀጥ አልፎ ወደ አንጎል ሲደርስ ነው፦ ንግግር መጎተት፣ መደናገር፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ ያደረጉትን አለማስታወስ፣ መንፈራገጥ፣ ራስን መሳት።

ከዚህ ሌላ መድኃኒቶች አሉ። በቤት ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ኪኒን በስሕተት ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል፤ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት፣ ፔንታሚዲንና ኮትሪሞክሳዞልም ስኳር ያወርዳሉ። ሜቲማዞል የሚባለው የእንቅርት መድኃኒትና አልፋ ሊፖይክ አሲድ የሚባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሰውነት በራሱ ኢንሱሊን ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ይህን ሕመም መጀመሪያ የገለጹት ሂራታ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ። ክብደት መቀነስ፣ የቆዳ መጥቆር፣ ሲነሡ መዞርና የጨው አምሮት አብረው ካሉ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ መመርመር አለበት።

የመጀመሪያው ዙር ኢንሱሊን መድከም በኋላ ላይ ወደ ስኳር በሽታ ለሚሄዱ አንዳንድ ሰዎች የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእርስዎ 92ና 5.4 ዛሬ በጤነኛው ክልል ውስጥ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው የሚጀምረው ከ100 እና ከ5.7 ነው። በቤተሰብዎ የስኳር በሽታ ካለ ግን በየዓመቱ ያስደግሟቸው።

አመጋገቡ በትክክል ተይዞ ሳለ ቁጥሩ መውረዱን ከቀጠለ መድኃኒት አለ። አካርቦስ የሚባለው ኪኒን ከምግቡ የመጀመሪያ ጉርሻ ጋር ሲወሰድ አንጀት ስታርችን የሚፈጭበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሆድ መንፋቱና ጋዙ ብዙዎችን ስለሚያስቸግር ብዙውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ50 ሚሊግራም ይጀመራል። ይህን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ቢወርድበት ተራ ስኳር ቶሎ አይደርስለትም፤ መድኃኒቱ የእርሱንም መፈጨት ያዘገያልና ንጹሕ ግሉኮስ መያዝ አለበት። ዳያዞክሳይድና ኦክትሪዮታይድ የሚባሉት በሆርሞን ሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጡ ናቸው፤ እርስዎም እነርሱ የሚያስፈልጉበት ደረጃ ላይ አልደረሱም።

ለቤተሰብዎ አንድ ነገር ይንገሩ። ራስዎን ቢስቱ በአፍዎ ምንም እንዳይጨምሩ፣ በጎንዎ እንዲያስተኙዎትና ወዲያውኑ የሕክምና እርዳታ እንዲጠሩ። ስኳር በተዘጋ አፍ ውስጥ ማፍሰስ በደግ ልብ የሚደረግ፣ ነገር ግን ወደ ሳንባ የሚገባ አደጋ ነው።

ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ምልክቱ ባለበት ሰዓት የተለኩት ቁጥሮች ሁሉ ከ70 በላይ ከሆኑ ስኳሩን ትተን ልብዎን፣ የእንቅርት ዕጢዎን፣ የደም ማነስንና የእንቅልፍዎን ሁኔታ እንይ። በ55 እና በ70 መካከል ከሆኑ አመጋገቡን ለስድስት ሳምንት ይያዙና እንደገና ይለኩ። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ በሁለተኛ ጣት ተደግሞ፣ ከ55 በታች ከታየ ግን ሦስቱ ሳምንታት እስኪያልቁ አይጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ይያዙና የተደባለቀ ምግብ ምርመራው እንዲደረግልዎ በስሙ ይጠይቁ።